ቢጫው ሽቦ

ጠባሴ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣
ወንድይራድ ተንጋሎ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ፤
እግሩ ብቻ ውጭ ቀረ።

መኪናዋ የአጎቴ የጋሽ እርገጤ ናት፤
ባለ ሁለት በር ፊያት፣ ቀይ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣
ታርማ በር ላይ ስንቱን አይሱዙ የቀደመች በጉራ።

አሮጌው ቴፕ ተነቀለ፣ ካሴት ሆዱ ውስጥ ተጣብቆ፤
የማን ድምፅ እንደሆነ እንኳ፣ ጽሑፉ ከላዩ ለቆ።
አዲሱ ብሉቱዝ አለው፤ ቀዳዳው ግን ጠበበው።
«በመጋዝ ልክፈተው?»
«እንዳትነካው!»
እያጉረመረመ የአዲሱን ጠርዝ ሞረደ፣
እንደ ጥፍር፣ በጥቂት በጥቂቱ።

«ቀዩ ሽቦ ከቁልፉ ጋር ነው፤ ስታጠፊው ይተኛል።
ቢጫው ግን የማስታወሻ ነው፤ ቀጥታ ከባትሪ ይጠባል፤
አንቺ ቆልፈሽ ብትሄጂም፣ ሰዓቱን ጣቢያውን ይዞ ያድራል።»

አሮጌው ቴፕ ቢጫ አልነበረው።
ጋሽ እርገጤም መጨረሻው ላይ፣
ቁርሱን ባቀረብኩለት ቁጥር ቀና ብሎ
«ማን ልበል?» ይለኝ ነበረ።

በነጋታው ውርጩ መስታወቱን ጨው አስመስሎት፣
ቁልፉን ባዞር፣ ጭጭ።
ማስታወስ ባትሪ ይጨርሳል፤
ወንድይራድ ይህን አልነገረኝ።

ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ የወጡ አራት ጎረምሶች
እጃቸውን በትንፋሽ አሙቀው ገፉኝ፤
ቁልቁለቱ ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ለቀቅሁ፤
ሁለቴ አስነጥሳ ተነሣች።

ሬዲዮው ዓይኑን ገለጠ።
ሰዓቱ ዜሮ፣ ጣቢያው ባዶ፤
ስልኬን እንደ እንግዳ፣ እንደ አዲስ ይፈልጋል።
«አስካለ ነኝ» አልኩት፣
ጮክ ብዬ፣
እንደለመድኩት።