መንጠቆው

ከዚራ ገና ተኝቷል፤ ቅዳሜ ነው፥ አሥራ አንድ ሰዓት፣
ሙቀቱ ግን ነቅቷል፥ እሱ መች ያውቅና ዕረፍት።
ደቻቱ አሸዋውን ተንተርሶ አሸልቧል፣
ረዱዋን ከድሮው ባቡር ጣቢያ በር ቆሞ ይጠብቃል፤
የጋራዡን ሰማያዊ ቱታ፥ ላስቲክ ጫማና ባርኔጣ፣
ትከሻው ላይ ሸምበቆ፥ ከቁመቱ ሽቅብ የወጣ።

"አቦ ምንድነው ይሄ?" ይላል ረዳቱ ስቆ፣
"ወደ ጋራ ነው መንገዱ፤ ምን ይሠራል መንጠቆ?"
ረዱዋን አይመልስም፤ ኪሱን ዳበስ ያደርጋል፣
እዚያ የክብሪት ቀፎ አለ፥ ምን እንደያዘ እሱ ያውቃል።

ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ፥ ጥምዝምዙን ቧጠጥን፣
ሙቀቱን እንደ አበዳሪ ከታች ጥለን አመለጥን።
ከአናቱ ስንወርድ ግን ብርዱ ጆሮ ቆነጠጠ፣
የቆላ ልጅ ሁላ ሹራብ ፍለጋ ተራወጠ።
ዘይቱና፥ ከባንክ መስኮት ብር ስትቆጥር የምትውል፣
የጽድ ፍሬ ፈርክሳ፥ ጣቷን አሽታ ዝም አለች፤ ቁጥር የጠፋባት ይመስል።
የሲሚንቶ አቧራ ሃያ ዓመት የተጋተ የኔ ሳንባ
ንጹሑን አየር ቢያገኘው፥ እንደ ሌባ ፈርቶ አስገባ።

መኪናው እዚያ ተመለሰ፤ ቀሪው የእግር ነው ፈንታ፣
በስተግራ ገደል አፉን ከፍቶ፥ በስተቀኝ ደኑ በዝምታ።
አንድ ዝንጀሮ፥ ባለ ጋማ፥ ከድንጋይ ላይ ተጎልቶ
እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ገላመጠን፥ መታወቂያ ሽቶ።
ኦቦ ሙሜ ካሮት ጭነው፥ አህያ ሲነዱ አገኘን፣
"የት ነው?" ቢሉ፥ "ዝም ብለን" ብንል፥ እስኪደክማቸው ሳቁብን፦
"ለመሄድ ብቻ መሄድ? እግር ያለ ጉዳይ ይወጣል?"
ካሮት መዘው ሰጡን ግን፤ "እንግዳ ባዶውን ያልፋል?"

አምስት ሰዓት ግድም ደኑ እንደ መጋረጃ ገለል አለ፣
ረዱዋን ጉልበቱን ይዞ፥ "ያ ረቢ፥ ውሃው አለ!"

ሐረማያ ከታች ነበር።

ነገሩን ያኔ ነገረን፥ ድንጋይ ላይ ዳቦ ቆርሰን፣
ቲማቲም በጨው፥ ሳንቡሳ፥ ካንድ ኮዳ ተቃምሰን፦

"ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር፥ እዚህ ሐይቅ ዓሣ ስናጠምድ፣
መንጠቆዬን ጎትቶ ወሰደው፥ አንዱ ትልቅ፥ አንዱ ጉድ።
ሦስት ቀን አለቀስኩ፤ አባቴ 'ተው' አለኝ፥ 'አይዞህ፣
ውሃ ዕዳ አይክድም ልጄ፥ አንድ ቀን ይከፍልሃል ቆጥሮልህ።'
ከዚያ ሐይቁ ሞተ። ታውቃላችሁ፤ መኪና ተነዳበት፣
ልጆች ኳስ ተጫወቱበት፥ ፍየል ሣር ጋጠበት።
አንድ ቀን በዚያ ስሻገር፥ በተሰነጠቀው ጭቃ፣
ጫማዬን የወጋኝ ነገር፥ ዝገት የበላው ጠማማ ዕቃ...
አነሣሁት። መንጠቆዬ! (የኔ ነው? ማን ያውቃል? ይሁና።)
ዕዳው ተከፈለኝ፥ ግን ባለዕዳው ሞቷልና
እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፥ ከልጅነቴ አብልጬ፣
መንጠቆ በእጄ፥ ሐይቅ በባዶ፥ አቧራ ላይ ተቀምጬ።"

ከዳገቱ ወረድን። ቀፎውን ከፈተ። አወጣው።
ዝገቱን በሞረድ ጠርጎ፥ በአዲስ ክር ቋጥሮ አሰረው።
ትል ሰካ። "ቢስሚላህ" አለ። ክሩ በአየር ላይ ፏጨ፣
ውሃው ላይ የከፈተው ቀለበት ዳር ደርሶ ተቋጨ።

አንድ ሰዓት። ሁለት። ዘይቱና ፊቷን ሸፍና አንቀላፋች፣
ያንዲት ወፍ ጥላ በውሃው ላይ መጣች፥ ሄደች፥ ጠፋች።
እኔ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ነከርኩ፤ በረደኝ፤
ድሬ ላይ በርዶኝ አያውቅ፥ ይሄም እንደ ሹመት ሆነኝ።

ድንገት ሸምበቆው ጎበጠ! "ያዝ! ሳብ! ላላ አድርግ! ተው አትሳብ!"
ምክራችን ከክሩ ረዘመ፥ ላቡ ወረደው ጠብ ጠብ።
አንዴ ጀርባው ብቻ ታየን፥ ጥቁር፥ እንደ ጎረምሳ ክንድ፣
ጧ! ክሩን በጥሶ ሄደ፥ መንጠቆውን ይዞ ሊነጉድ።

ዝም አልን። ሊያለቅስ ነው ብለን እግር እግራችንን አየን።

እሱ እስከ ጉልበቱ ገብቶ፥ ቱታው ርሶ፥ ይስቃል፤
"እሰይ! እንደገና ዕዳ ገባ! በሉ ምስክር ሁኑኝ፣
ባለዕዳዬ ነፍስ ዘራ፤ አደራ፥ መቼም አይክፈለኝ!"

ማታ ያው ረዳት "ዓሣውስ?" ቢል፥ "አበድረነው መጣን" አልን፤
ሙቀቱ ከደንገጎ ሥር፥ አበዳሪያችን፥ ጠበቀን።