የሶል ንባብ

ደሴ ላይ ሜዳ ብርቅ ነው፤
ያለው ወይ ወደ ጦሳ መውጣት፣ ወይ ወደ ቦርከና መውረድ፣
በመሃል የኔ ተረከዝ፣ በመሃል የኔ መንገድ።
አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ፣
ከአጥር አጥር ዟሪ፣ ከበር በር ገቢ።
«ውሃው ሳይመጣ አንቺ መጣሽ!» ይሉኛል ደጃፍ ቆመው፤
ቁጥሩን ጭሬ እሮጣለሁ፣ ውሻውንም ስድቡንም ልቀድመው።

መጋቢት ላይ ጀመረኝ።
ንጋት ከአልጋ ወርጄ ወለሉን ስነካው፣
ሚስማር ነው የሚጠብቀኝ፣ ሌሊት ማን መጥቶ እንደሰካው።
ሐኪሙ «እረፊ» አለኝ፤ ማረፍ ደሞዝ አይከፍልም።
ጎረቤቴ «ቅቤ» አለችኝ፤ ቅቤ ዘንድሮ አይቀመስም።

አራዳ፣ ከፋርማሲው ደረጃ ሥር፣
ጋሽ እንድሪስ ሙሄ አለ፣ ሠላሳ ዓመት ጫማ ሲሰፋ፣ ክር ሲቋጥር።
የተላቀቀ ሶሌን ሰጠሁት።
አልሰፋውም። ገለበጠው።
እንደ ደብዳቤ ወደ ብርሃን አስጠግቶ ተመለከተው።

«አብሽሪ» አለ ቆይቶ፣ «በሽታሽ እዚህ ተጽፏል፤
ተረከዙ በውጭ ጎኑ እንደ አሮጌ ሳንቲም አልቋል፤
ጣቶቹ ጋ ግን አዲስ ነው፣ የፋብሪካው ቁጥር እንኳ አለ።
ልጄ፣ አንቺ አትራመጂም፤ መሬቱን ነው የምትደበድቢው፣ ምን በደለ?
እግርሽን ሩቅ ትልኪያለሽ፣ እንደ መልእክተኛ ቀድሞሽ ይደርሳል፤
አንቺ ኋላ ቀርተሽ፣ ተረከዝሽ ብቻውን ዕዳ ይከፍላል።
እርምጃሽን አሳጥሪው፤ እግርሽ ከዳሌሽ ሥር ይውደቅ፤
ጉልበትሽ ላላ ይበል፣ ቁልቁለት ላይ አይድረቅ።
ቀጥ ብለሽ አትውረጂ፤ በቅሎ ጭነት ይዛ ስትወርድ አላየሽም?
አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ናት፤ ሞኝ አይደለችም።
በመጨረሻ አውራ ጣትሽ መሬቱን ገፋ አድርጎ ይሰናበት፤
ሥራ ፈቶ ከርሟል እሱ፣ እስቲ እንጀራውን ይብላበት።»

«አንተ እኮ ተቀምጠህ ነው የኖርከው፤ ይህን ከየት ለመድክ?»
ሳቀ። ክሩን በሰም ሳበው።
«አንቺ ቆጣሪ ታነቢያለሽ፣ እኔ ሶል። ያው ነው ጉዱ፤
የምናየው፣ ሰው ስንት እንደፈጀ ነው፣ ሳያውቀው በመንገዱ።»

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤
ተረከዙን ያመው እንደሆን ሳይጠይቁት ይተርታሉ።

በማግስቱ እንደ ሕፃን ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ አጠር፣ አጠር።
የዳውዶ ልጆች «ቆጣሪዋ ሰከረች!» አሉ፣ በዚያ ስዞር፣ በዚህ ስዞር።
መሮጥ ስላልቻልኩ ቆሜ ሰማሁ፣ እትዬ ዘምዘም ስትራገም፤
ስሟ ዘምዘም፣ ቧንቧዋ ግን ዘጠኝ ቀን ጠብ አላለም።
እርግማኑን ጨርሳ እግሬን አየች።
ገባች። እስከ አፉ የሞላ ጠርሙስ ይዛ ወጣች።
«ማታ ማታ ከውስጥ እግርሽ ሥር አንከባልዪው።
ውሃውን ግን» አለች፣ «ሲሻልሽ መልሺልኝ።»

ሚስማሩ ዛሬም አለ፣ አልዋሽም፤ ግን አጠረ፣ እንደ እርምጃዬ።
ጠርሙሷን ገና አልመለስኩም፤ ተኝቷል ከሥር ካልጋዬ።