ትርፍ ጥይት

ማሾዬን ድኩላ ሲግጠው ከረመ፣
የወንጪት ዳር ማሳ አጽሙ ብቻ ቆመ።
ካባቴ ኩላብ ላይ ምንሽሩን አወረድኩ፣
የሰደፉን ስንጥቅ በጠፍር አጠበቅኩ፣
ጥይቱን ቆጠርኩት፦ ሦስት። አንዱ ቂጡ ዝጓል።
«ሦስት ጥይት ይዞ ማን ገደል ይወርዳል?
ትርፍ ያዝ አንተ ሰው፣ ትርፍ!» አለኝ ጮክ ብሎ
ታላቄ ሸዋንግዛው፣ በሬ ላይ ጋቢውን ጥሎ፤
አየው የአባቴን ዝናር፣ መዘነው አንስቶ፣
ሃምሳ ኪስ ተደርድሮ፣ ኪሱ ጥይት አጥቶ።

ቅዳሜ ማለዳ ዓለም ከተማ ወጣሁ፣
ከጨው ተራ ኋላ ይነሱን አገኘሁ።
ከጆንያ ሥር አወጣ፣ በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ፣
«አዲስ ናቸው» አለኝ፣ ግራ ቀኝ ገልመጥ ብሎ።
አሥራ ሁለት ፍሬ። ነሐሱ ያብለጨልጫል።
«ላሥራ ሁለት ፍሬ አንድ ወጠጤ ይበቃል?»
«አይበቃም።» ጨመርኩ ማሾ፣ ግማሽ ቁና ያህል፣
ድኩላው ከተወው፣ ከተረፈው እህል።

ጥይት ለትከሻ ይከብዳል፣ ልብ ግን ያቀልላል፤
ዝናሩ የሞላ ሰው መሬት መች ይረግጣል?
በእርምጃዬ ቁጥር ሲንሿሿ ስሰማ
አሥራ አምስት ወንድም አጀበኝ በጨለማ።
ገደሉን ወረድነው፣ እኔና ዝናሬ፤
«ዛሬ ነው» አልኩት ለጠመንጃው፣ «ዛሬ።»

ወንጪት ከሥር ያጓራል ጭጋግ ተከናንቦ፣
ድኩላው ብቅ አለ ማሳዬን ተርቦ፤
ጎኑ ላይ ነጠብጣብ፣ በረዶ እንደጣለበት፣
ጆሮው እየዞረ፣ እግሩ እያመነታበት።

የመጀመሪያው ጥይት አፈር አጨሰ፣ ሳተ፤
ቸኩዬ ነበራ! «ሞልቷል» ያለ ተሳሳተ።
ሁለተኛው፣ ዝገቱ፣ ጠቅ ብሎ ዝም አለ።
ሦስተኛው ታፋውን ሰብሮ አንከባለለ።
ተጎትቶ ገባ ካጋም ቁጥቋጦው፣
ደሙ በየቅጠሉ መንገድ የሚያሳየው።

ደረስኩበት። ተኝቷል።
ቀና ብሎ አየኝ።
ሰው የሚጠብቀውን ሰው እንደሚያይ አየኝ።

ካዲሶቹ አንዱን መዘዝኩ፣ ወደ ጉሮሮው ሰደድኩ።
አልገባም።
ሌላውን። አልገባም።
ሌላውን፣ በመዳፌ ገፍቼ፣ በጥርሴ ነክሼ፣
ሌላውን።
አንገቱ ሰፊ፣ ቂጡ ወፍራም፣
የሌላ ጠመንጃ ልጅ፤ የኔዋን አያውቃትም።
ሞት ከደጅ ቆሞ ነው፣ እኔ ነኝ ያስጠበቅሁት፣
የጎረቤት ቁልፍ ይዤ በር የታገልኩት።

ካራዬን አወጣሁ። በስመ አብ አልኩ፤ ድምፄ ተሰበረ።
ከዚያ ወዲያ ያለውን አልተርክም።
የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ለማያውቅ አይጠቅምም።
ይህን ብቻ ልበል፦ ስጀምር ጭጋግ ነበር፣
ስጨርስ ፀሐይ ወጥታ፣ ዝንብ መጥቶ ነበር።

ዳገቱን ስወጣ፣ ያው ዝናር፣ ያው መንሿሿት፤
ጠዋት አጀቤ ነበር፣ ሲመሽ ሆነብኝ ስላቅ፣ ምፀት።
«ስንት ተረፈህ?» አለኝ ሸዋንግዛው ደጅ ቆሞ፣
«አሥራ ሁለት።» «ጎበዝ! ቆጣቢ ነህ» አለኝ ደግሞ።

ይነሱ ከጨው ተራ ጠፋ፤ ወጠጤዬም አብሮ።
ትርፍ ብዬ ሄጄ ትርፉ ለሱ ሆነ፣ ትርፉ ለኔ ቀረ፣
እሱ ሲበላው ከረመ፣ እኔ ስሸከመው ከረምኩ።
ብዙ ሰው ጠየቀኝ፣ «ሽጥልኝ» እያለ፤
«አልሸጥም» አልኩ። ለምን? እንጃ።
ያን ዓይን ሌላ ሰው ባዶ እጁን እንዳያየው።

ዛሬም ድኩላ አለ፣ ዛሬም ማሾ አለ።
ገደል ከመውረዴ ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣
ኩራዙን ራቅ አድርጌ፣ ቃታዋን ሳልነካ፣
ያሉኝን ሁለቱን ባንድ ባንድ አጎርሳታለሁ፣ መልሼ አወጣለሁ።
ሚስቴ ከመደቡ ላይ፣ «ቆጥረሃቸው የለም ወይ?» ትለኛለች።
ቆጥሬያለሁ።
ቁጥር አይደለም የማዳምጠው።
«ቅጭ» የምትለዋን ነው፣
ጉሮሮዋ ልጇን ስታውቀው።