በሰው ልክ

ቀሚሷን ሰጠችኝ፣ ወገቡን አጠበብኩ፤
ጫማዋን ሰጠችኝ፣ ጫፉን ጥጥ ወተፍኩ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሐረቅ ስኖር
ከማማ ሙኒራ ያልወረስኩት ነገር
ስሟ ብቻ ነበር።

ሃምሳ አንድ ሲሞላኝ ገላዬ ነደደ፤
ኤሲው አሥራ ስምንት፣ ላቤ ግን ወረደ።
ሌሊት የራሴን አንሶላ ጨምቄ
ጧት የሷን ስተኩስ፣ ዓይኔን ፈልቅቄ፣
አንድ ቀን አገኘችኝ
ግንባሬን ፍሪጁ በር ላይ አስደግፌ።
“ጀመረሽ እንዴ ሉባባ?” ሳቀች፣ በክፋት አይደለም።
ከመሳቢያዋ አወጣች ፕላስተር መሳይ፣ ስስ፣ ቀለም የለሽ፤
“ከእምብርትሽ በታች ለጥፊው። ሳምንት ሳይሞላ ትድኛለሽ።”

መቶ ይላል ቁጥሩ። በመቀስ ከፍዬ
ግማሹን ለጠፍኩት፤ በረደ ገላዬ።
በሁለተኛው ወር ሙሉውን ለጠፍኩት፤
የጠፋኝን እንቅልፍ ትራሴ ሥር አገኘሁት።
ረመዳን ሲገባ፣ ሥራው ሲበረታ፣ ሁለቱን
ጎን ለጎን። ማን ነግሮኝ መጠኑን?

በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ዓርብ ጧት፣
የሳሎኑን ምንጣፍ ስጠቀልል
ተሰናብቶኝ የሄደው ደም ተመለሰ።
እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ ደስ አለኝ፤
አካሌ ወደ ኋላ የቆጠረ መሰለኝ።
በዘጠነኛው ቀን ግን አላቆመም።

ዶክተሯ የኬረላ ልጅ ናት፤ አረብኛዋ እንደኔው ስብርባሪ፤
ቃል ሲያጥራት በእጇ ትሞላዋለች።
ስክሪኑን አዞረችልኝ፦ ግራጫ ጭጋግ፣ መሐሉ ወፍራም ነጭ መስመር።
“አሥራ አራት ሚሊሜትር። ባንቺ ዕድሜ ከአራት ባያልፍ ጥሩ ነበር።”

“ኢስትሮጅን አንጣፊ ነው” አለች፣ መዳፏን በመዳፏ እየደረበች፤
“መጠኑን ባበዛሽ ቁጥር ይደራርባል፤ በቃኝ አያውቅም።
በቃ የሚለው፣ የሚጠቀልለው ፕሮጄስትሮን ነው። እሱን ማን ሰጠሽ?”
ማንም።
“የሰጠችሽ ሴትዮ ከሱ ጋር ምን ትወስዳለች?”
ምንም።
“ማህፀን አላት?”

ያን ጊዜ ታወሰኝ፤ ከስድስት ዓመት በፊት
ሆስፒታል ወንበር ላይ ያደርኩት አሥራ አንድ ሌሊት፤
የሆዷን ስፌት ያጠብኩት በዚሁ እጄ።
ለካ ያ መቶ ቁጥር
ክፍሉ ለፈረሰ ቤት የተሰፈረ ነበር።

የኔ ክፍል አለ። አንዲት ልጅ ዘጠኝ ወር ያደረችበት፤
ባቲ ትቻት የመጣኋት፣ ዛሬ የራሷን ልጅ ያዘለች።
ከሷ ወዲህ ያንኳኳ የለም።
ሁለት ዓመት ሙሉ ተነጠፈ ለማይመጣ እንግዳ፤
ቀን የሰው ወለል ስወለውል፣ ሌሊት በውስጤ ሲወፍር ግድግዳ።

ናሙና ወሰዱ። የሦስት ሳምንት ደሞዜን ቆጥሬ ሰጠሁ።
አሥራ ሁለት ቀን ጠበቅኩ፤
የመታጠቢያ ቤቱን ሰድር በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ፣
ለማንም አልተናገርኩ፣ ለልጄም፣
ስትደውል “ሰላም ነኝ” እላለሁ፣ ሰድሩን እያየሁ።

“ወፍሯል እንጂ አልከፋም” አለችኝ ዶክተሯ በስልክ።
ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ።
መቶው ቀርቶ ሃምሳ፤ ማታ ማታ ደግሞ አንዲት ክብ እንክብል፤
ከስድስት ወር በኋላ እንደገና መለካት።

የተረፈውን ከነካርቶኑ ለማማ ሙኒራ መለስኩላት።
“ምን ሆነብሽ?”
“ሰፋኝ” አልኳት።
ወገቤን አየችው።