አናሳ

ልዑኩ በነጭ መኪና ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ፤
ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ እየወቀጠ ሰላምታውን አፈረሰ።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ አበሌ በቀን የታወቀ፣
የሁለት ወገን ቁጣ ሲያልፍበት ጉሮሮዬ የደረቀ።

መቀመጫ አነሰ። በርጩማ ጠራቢው አባ ፊጣ
ከሠራው ሁሉ አሮጌውን መርጦ በብብቱ ይዞ መጣ፤
«ሦስት እግር አይንገዳገድም» አለ፣ «መሬቱ ቢጎረብጥም፤
የእናንተ ባለ አራቱ ግን ሊሾ ካላገኘ አይቀመጥም።»

ከወፍጮው ማዶ የመጡትን
በነገድ ስማቸው አልጠራም እዚህ፤ ያ ስም ብዙ ተጽፏል
በሌሊት በዞረ ዝርዝር ላይ፣ ከቤት ቁጥራቸው ትይዩ።

ልዑኩ ወረቀት ገልጦ ጉሮሮውን ጠረገ፤
«የአናሳ ማኅበረሰብ ጥበቃ» ላይ ቃል እንድንገባ ፈለገ።
ተረጎምኩት። ቃሉ ምላሴ ላይ እንዳለ ኮሰሰ።
መኩሪያ ዶጃ ተነሣ፤ ኮፍያውን አውልቆ መለሰ፦
«ማን ነው ያነሰው፣ ጌታዬ? ቁመቴን ለክተህ ታውቃለህ?
ሰባት ልጅ አለኝ፣ አንድ በሬ፤ ከዚህ የቱን ትቀንሳለህ?
ሲቆጥሩን ነው ማነሳችን። ሳይቆጥሩን፣ ሐሙስ ሐሙስ
ሂርማታ ገበያ ስንውል፣ ከማን ነበር የምናንስ?»

ይህን ለልዑኩ መልሼ በየትኛው አፌ ልናገር?
«ሥጋታቸውን ገለጹ» አልኩ። ዛሬም ያሳፍረኛል ያ ነገር።

ከቀትር በኋላ ሰላም የሚለውን ቃል ማንም አላነሣ፤
ወሬው የወፍጮ ነበር።
የመኪያ ወፍጮ የማዶ ሴት ካየ ወር አልፎታል፤
ጤፉ በጆንያው ነቀዘ፣ ልጅም በንፍሮ ቆየ።

«ረቡዕ ይምጡ።»
«እስከ ስንት ሰዓት?»
«እስከ ስድስት።»
«ማን ይሸኛቸዋል?»

አባ ፊጣ ዝም አለ። ዝናቡም አብሮት ዝም ያለ መሰለኝ።
ዝርዝሩን ይዞ የዞረው የእሱ ልጅ መሆኑን
አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ልጁ በሩ ላይ ቆሟል፣
ጫማውን እያየ።
በመጨረሻ፦ «ጆንያውን የምሸከመው እኔ ነኝ፤
ድንጋይ ያነሣ ካለ፣ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ»
አለ፤ ወደ በሩ ግን አልዞረም።
ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩ።

ማታ ሬዲዮው «ፍሬያማ ውይይት» አለ። ይበል።
እኔ ረቡዕ ጠዋት አዌቱ ድልድይ ላይ ጥላ ዘርግቼ ቆምኩ፤
ሽማግሌው ከፊት፣ ጆንያው ትከሻው ላይ፣
ጭቃውን በከዘራ እየፈተነ።
ከኋላው ሴቶቹ።
ስንት ነበሩ?
አልቆጠርኩም።