ድንበር

ቀለበቴን አወለቅሁ፣ ቀበቶዬን ፈታሁ፣
የጥበቃ ቁልፌን ለቦንቱ ሰጠሁ፣
ተንጋልዬ ማግኔት ሆድ ገባሁ።
«ትንፋሽዎን ይያዙ!»
ያዝሁ። ይቆፍር ጀመር፣
ያኔ ኮዬ ፈጬ እንደ ገባው ዶዘር።

ዶክተር ሚደቅሳ ምስሉን ከፍቶ
ሁለት ቦሎቄ አሳየኝ ከጨለማ አውጥቶ፤
«ይኸ ቅርፊቱ፣ ይኸ ውስጡ፣
መለያ መስመሩ ደብዝዟል» አለኝ በእርጋታ፣
ብዕሩን እየነዳ በግራጫው ቦታ።

ገባኝ።
ድንበር ሲጠፋ አይቻለሁ፤
የእኔን ጤፍ ከሂርጳ ሽምብራ ትለይ የነበረች ቦይ
ዛሬ ብሎክ አርባ ሁለት ሥር ናት፣
ሌሊት ሌሊት በዱላ የምጠብቃት።

ያ መሬት ካርታ ሳይኖረው ሄደ፤
ለዚህች እፍኝ ሥጋ ግን ይኸው ካርታ፣ ስሜም ሳይሳሳት።
«ስንት ቀረኝ?» አልሁት፤
«በጥማድ ንገረኝ።»