ቁርጥ

የወንዙ ዳር ዳሩ በበረዶ ነጥቶ፣
የሜይን ድንች ሁሉ ከጎተራ ገብቶ፣
የአጋዘን አደን ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶ፣
ኦዲል ሚሾ መጣች፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣
እንደ ታመመ ልጅ በክንዷ ደልድላ።

«አርማን፣ ዋጋ ንገረኝ፤» አለች ሳትቀመጥ፤
«የአባዬ ጠመንጃ ነው። ወሬ አልሻም ዛሬ፣ ቁርጡን ብቻ ቁረጥ።»

አርባ ዓመት ሠራሁ፤ ዓይኔ ክፉ ለምዷል፣
ከባለቤቱ ፊት ብሎኑ ላይ ያርፋል።
ብሎኑ ተፍቆ ጥርሱ ከደቀቀ፣
በማይሆን መፍቻ የነካካው ሞኝ እንዳለ ታወቀ።
ደግሞ እንደ አዲስ ጠቁሮ የሚያብረቀርቅ አሮጌ ብረት ሳይ፣
ጠጉሩን ቀለም ነክሮ ሚስት የሚፈልግ ሽማግሌ የቆመ ይመስለኛል ደጄ ላይ።

ይህኛው አልዋሸም። እጅ በያዘው በኩል
ቀለሙ ተገፎ ብረቱ ብር መስሏል።
ባዶ መሆኑን አየሁ፤ ደግሜም አየሁት፤
እጀታውን ወደ ታች ገፍቼ መለስኩት፤
ጠቅ፣ ጠቅ፣ አለ ብቻ፤ አላጉረመረመም፤
ከልክ በላይ አላላም፣ አልጠበቀብኝም።
በአፈሙዙ ሳይ ብርሃን ተሽከርክሮ
ወረደ እስከ ታች፤ ዝገት አልነካውም፣ ንጹሕ ነው ጉሮሮ።
ቁጥሩን ከመዝገቤ ገልጬ አመሳከርኩ፤
ከትልቁ ጦርነት በፊት የተሠራ፤ ወደድኩ፣ ግን ፊቴን ደበቅኩ።

ስምንት መቶ ዶላር በሆዴ ቆረጥኩኝ፤
ትከሻዬ ላይ ሳስደግፈው ግን ሰደፉ አጠረኝ።

ሦስት ጣት ያህል እንጨት ጎድሏል ከዳሩ፤
በእጅ መጋዝ ነው፤ ዛሬም ይታያል ጠማማው መስመሩ።

«ማነው ያበላሸው?» አልኩኝ ሳላስብ።
ያ የኦኔዚም ጅማት ጉንጯ ላይ ሲሳብ
አየሁት። ቁርጥ አባቷ።

«አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ክንዴ አልደረሰ፤
ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ገዘገዘው። እማዬ ጮኸች፣ ‹ገንዘብ ነው!› ብላ፤ እሱ ቃል አልመለሰ።
‹ስታድጊ እቀጥለዋለሁ› አለኝ ኋላ፤ ረሳ።
እኔም አደግሁ፤ ክርኔን አጥፌ መተኮስ ለመድሁ፤ ሳላነሳ።»

ከኮቷ ኪስ አወጣች ያቺን የእንጨት ቁራጭ።
አጋጠምናት ሁለታችን፣ ከአምፖሉ ሥር፣ በባንኮኒው ጫፍ ላይ።
ጅማቱ ከጅማት ስንጥቅ ሳያስቀር ገጠመ፣
ቀለሙ ግን እንቢ፤ አንዱ መሳቢያ ውስጥ፣ አንዱ በእጅ ላብ ነው የከረመ።

ገበያው እንዲህ ይላል፦ ሰደፍ ከተቆረጠ
ሦስት መቶ ይወርዳል፤ ሰብሳቢ አይነካውም፣ ብረቱ ምንም ቢመረጥ።
እኔም ነጋዴ ነኝ፤ የመብራት ሂሳብ
እንባ አይቀበልም፤ ኪራይም አያዝንም፣ አይልም «እስቲ ላስብ»።
ሌላም አሰብኩ፣ አልዋሽም፦ ሟቹ ኦኔዚም
የሁለት ፓኮ ጥይት ዕዳውን ሳይከፍል ነው የሄደ። አፌ ድረስ መጣ። አልተነፈስኩም።

«አምስት መቶ።»
«ቁርጡ ይህ ነው?»
«ቁርጡ ይህ ነው።»

የጣሪያዋን ቀዳዳ፣ የዝናቡን ባልዲ፣
ነገረችኝ ያኔ፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለእኔም አይደል፣ ለግድግዳው እንጂ።
ብሯን ሁለት ጊዜ ቆጥራ አጥፋ ከተተች፣
ቁራጯን አልሸጠችም፤ ኪሷ ውስጥ መልሳ፣ በሩን ገፍታ ወጣች።

የዋጋ ወረቀት ቃታው ላይ አሰርኩኝ፤
ስድስት መቶ ሃምሳ ልጽፍ ብዕር አነሳሁኝ።
የቱን ነው የምሸጠው? ያለውን? የጎደለውን?
ሚዛኔ ሁልጊዜ የሚያውቀው ያለውን ብቻ ነበር፣ እሱን።

ወንዙ ረጋ፤ የበረዶ መኪናዎች አለፉበት።
ትናንት አንድ ሰው ከልጁ ጋር ገባ፤ ልጅቷ ቀጭን፣ ጓንቷን በጥርሷ የምታወልቅበት
ዕድሜ ላይ ናት። አነሳችው፤ ክንዷ ልክ፣ ጉንጯም ልክ ገጠመ።
አባትዬው ወረቀቱን ገለበጠ፤ ባዶ ነው፤ ወደ እኔ ዞረና ቆመ።
«ስንት ነው?» አለኝ።

ብዙ ሰው ጠይቆኛል፣ ሲገቡም፣ ሲወጡም፤
ዋጋ የምቆርጥ ሰው፣ አርባ ዓመት የሠራሁ፣ ገና አልቆረጥኩም።